የጉልበት ጅማት በቅቤ ይታሻል?

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል የእግሩ ይታሻል ማለት ነው። በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የዞረበትን ወጣትም «ወጌሻ ጋ ውሰዱት» የሚል አይጠፋም።

ተረት፦ «ታሽቶ ከታሰረ ይድናል።»

እውነታ፦ በስፖርት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ኤሲኤል የተባለው ጅማት ያለው መገጣጠሚያው ውስጥ ነው፤ የሚያሽ እጅ አይደርስበትም። ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ የሚያብጠውም ውስጡ ደም ስለሚቋጥር ነው። ከማሸቱ የከፋው አጥብቆ ማሰሩ ነው። የደም ዝውውር ታግዶ እግራቸው በጋንግሪን የተቆረጠ ሕሙማን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። ጉልበቱ ወልቆ ከሆነ ከኋላው የሚያልፈው ትልቅ ደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ሳይውል ሳያድር እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ወዳለ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ጥቂት ሰዓታት እግር ያሳጣሉ።

ተረት፦ «ራጁ ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም።»

እውነታ፦ ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ጅማቱን የሚለየው ሐኪሙ ቅልጥሙን ወደፊት ስቦ የሚያደርገው ምርመራ ነው፤ ሲያስፈልግም ኤምአርአይ ይታዘዛል። ሕመሙ በሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። ሰውየው ግን ድንገት ሲዞር ወይም የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል፤ በከዳው ቁጥር በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ አጥንት ለጉዳት ይጋለጣል።

ተረት፦ «ያለ ቀዶ ሕክምና አይሆንም።»

እውነታ፦ የውስጥ ጎን ጅማት አብዛኛውን ጊዜ በድጋፍና በፊዚዮቴራፒ ይድናል። ኤሲኤል ሲበጠስም ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያ ውጤቱ በታተመው፣ 121 ወጣቶች በተሳተፉበት የስዊድን ጥናት፣ በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚመከረው ጉልበቱ ደጋግሞ ለሚከዳው፣ እንዲሁም እንደ እግር ኳስ ወዳለ መታጠፍ የሚበዛበት ስፖርት መመለስ ለሚፈልግ ነው።

ተረት፦ «ከቀዶው በኋላ ሦስት ወር ይበቃል።»

እውነታ፦ ከራሱ ከታካሚው ተወስዶ የተተከለው ጅማት እስኪጠነክር ወራት ይፈጃል። አንድ የኖርዌይ ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት ዳግም የመጎዳትን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሊቨርፑሉ ቨርጂል ቫን ዳይክም በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ተጎድቶ የተመለሰው በሐምሌ 2021 ነው፤ የአውሮፓ ዋንጫም አምልጦታል።

ወሩ ስለሞላ ብቻም ሜዳ አይገባም። የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ፣ በአንድ እግር የመዝለል ፈተናንም ማለፍ አለበት።