ከሕዋ የሚነሣው ሥዕልና የቆጋ ማሳ

መራዊ፦ በበጋ ወራት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአዲስ አበባ መንገድ መራዊ ለሚደርስ ሰው ሁለት ዓይነት ልምላሜ ይታየዋል። አንደኛው በቆጋ ግድብ ውሃ የለማው ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች ሲሆን፣ ሁለተኛው በየማሳው ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። ከሩቅ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ በታቀደው በዚህ መስኖ፣ በቦዩ መጨረሻ ላለው ገበሬ ውሃ መድረስ አለመድረሱን ማወቅ ሲያስፈልግ ግን ሁለቱን መለየት ግድ ይላል።

ይህን ከሕዋ ለመለየት የሚያግዝ መሣሪያ አለ። ተራው ካሜራ ብርሃንን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብቻ ሲመዘግብ፣ ሃይፐርስፔክትራል የሚባለው ካሜራ ዓይን የማያየውን ጨረር ጭምር ከ200 በላይ ወደሆኑ ቀጫጭን ክፍሎች ከፋፍሎ ይለካል። ውሃ የጠገበ ቅጠል ከማይታየው ጨረር የተወሰነውን ክፍል አብዝቶ ውጦ ያስቀራል፤ የተጠማው ግን አብዝቶ ይመልሰዋል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ለግብርና ጭምር የታሰበች ብትሆንም፣ ጨረሩን የምትከፍለው በጥቂቱ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የመጠቀችው የጀርመን ኤንማፕ ግን ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ የያዘች ናት።

ይሁን እንጂ የኤንማፕ ሥዕል አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ትሸፍናለች። ሩብ ሄክታር ማሳ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ስንዴውና የጎረቤት ባሕር ዛፍ በአንዲት ነጥብ ሲገቡ፣ ዛፉ በበጋም ለምለም በመሆኑ፣ የተጠማው ስንዴ ውሃ እንዳገኘ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። በወረቀት ላይ ለጠጣ ማሳ ደግሞ ተራ የሚጠይቅለት የለም።

ባለሙያዎች በነጥቧ ውስጥ የተቀላቀለውን በስሌት ይለያሉ፤ ለዚህም በምድር ላይ የተረጋገጠ ናሙና ያስፈልጋቸዋል። ወሰኑን፣ የተዘራውንና ውሃ የተለቀቀበትን ቀን ከገበሬዎቹና ከማኅበር መሪዎቻቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለናሙና የሚመረጠው ማሳ አንድ ዓይነት ሰብል በኩታ ገጠም የተዘራበት፣ ቢያንስ 90 ሜትር በ90 ሜትር ስፋት ያለውና ከባሕር ዛፍ የራቀ ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ደመናው ስለሚጋርድ፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማው የመስኖው ወቅት ነው። መዝገቡ ግን ሥዕሉ በተነሣበት ቀን መያዝ አለበት፤ በሳምንቱ ውሃ ጠጥቶ የተገኘ ማሳ ያን ዕለት ተጠምቶ እንደነበር አይናገርም።