ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ የምትቀበልዎ ወጣት ነርስ

ከሐኪም ጋራ በኩል ታካሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ወጣት ነርስ ሲያዩ “ይቺ ልጅ ገና ተማሪ አይደለችም ወይ?” ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሐረር የሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በመሆኑ ተማሪም አዲስ ተመራቂም ማየት የተለመደ ነው።

አዲስ ተመራቂ ነርስ ሥራውን እንዴት ትለምዳለች?

በአገራችን የነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ በኦፕራሲዮን ክፍል የሚያልፈው ጊዜ ግን አጭር ነው። በቀዶ ሕክምና ነርስነት ለይተው የሚማሩ አሉ። ብዙዎች ግን ጠቅላላ ነርስ ሆነው ተመርቀው ሥራውን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ነባር ነርስ አጠገብ ቆመው ይማራሉ። አንዷ ነርስ እጇን ታጥባ ከጀርም ነጻ የሆነ ጋዋንና ጓንት ለብሳ ለሐኪሙ መሣሪያ ታቀብላለች፤ ሌላዋ ዙሪያውን እየተንቀሳቀሰች የጎደለውን ታመጣለች፣ ትመዘግባለች።

የመሣሪያ ስም መያዝ ቀላሉ ነው። ከባዱ ራስን ማጋለጥ ነው፦ ጓንቷ ከጀርም ነጻ ያልሆነ ነገር ቢነካ፣ ማንም ባያያትም ተናግራ መቀየር አለባት።

ቆጠራው ለምን ያስፈልጋል?

ከኦፕራሲዮን በፊት ጎዙ፣ መርፌውና መሣሪያው ይቆጠራል። ሆድ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይቆጠራል፤ ቆዳው ሲሰፋም እንዲሁ። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት ሐኪሙ ሊሰፋ ሲል አዲሷ ነርስ ቀስ ብላ “አንድ ጎዝ ጎድሏል” አለች። ሁላችንም ደክመን ነበር። ፍለጋው ተጀመረና ጎዙ ከታካሚዋ ሥር ከተነጠፈው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ተገኘ። ሆድ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ መመርቀዝና ሌላ ኦፕራሲዮን ሊከተል ይችል ነበር። ታላቅን ማቋረጥ እንደ ነውር በሚታይበት አገር ላደገች ልጅ ያቺን ቃል ማውጣት ቀላል አይደለም። እኔ አዲስ ነርስን የምለካው በእጇ ፍጥነት ሳይሆን በዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽም ነርሷ ይህን እንድትናገር ተራ ይሰጣታል። ቅጹ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ሲሞከር የታካሚዎች ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል።

ታካሚውና ቤተሰቡ ምን ያድርጉ?

ስምዎንና የሚቀደደውን ቦታ ደጋግማ ስትጠይቅ “ካርዱ ላይ አለ” አይበሉ፤ በራስዎ አፍ ይመልሱ። ታካሚው የሚናገረው ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ከሆነ አስቀድመው ይንገሯትና አስተርጓሚ ይፈለግ። ባልገባው ጥያቄ ራሱን የነቀነቀ ታካሚ መልስ ሰጠ አይባልም።

ስለ ጾሙም እውነቱን ይናገሩ። በተለምዶ ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የበለጠ ካዘዘ ያንን ይከተሉ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የምሰማው “ምንም አልበላም፣ ጫት ብቻ ነው የቃመው” የሚል ነው። ጫት ግን ጨጓራ ቶሎ እንዳይጎድል ያደርጋል፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ይጨምራል። በማደንዘዣ ጊዜ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ ከገባ ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ መቼ እንደቃመ በሰዓቱ ይናገሩ። ማንም አይቆጣዎትም፤ ቢቆጣም ይናገሩ።

ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር ሒና ወይም ቀለም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በትክክል እንዳያነብ ሊያደርግ ስለሚችል ቢያንስ አንድ ጣት ነጻ ይሁን።

ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ “ቆጠራው ሞልቷል?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቤት ከገቡ በኋላ ትኩሳት፣ የማይቀንስ ሕመም ወይም ከቁስሉ መግል ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።