ስማቸው የማይጠራው አስታማሚዎች

የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በተነሣ ቁጥር ቶሎ የምንጠራው የዶክተር ካትሪን ሐምሊንንና የባለቤታቸውን የዶክተር ሬጂናልድን ስም ነው። በክርስቲያናዊ እምነታቸው ተነሣሥተው በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ለመጡት ለእነዚህ ባልና ሚስት ምስጋና ይገባል። ይሁን እንጂ ቤቱን ያቆሙት እነርሱ ብቻ አይደሉም።

ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ተራዝሞ ሐኪም ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ጉዳት ነው። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ሲቆይ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ብዙዎቹን ሴቶች ባል ይፈታቸዋል፤ ጎረቤትም ይሸሻቸዋል።

እንዲህ ሆና የመጣችውን በሽተኛ አልጋ አንጥፈው፣ ገላዋን አጥበው ከሚያጽናኗት አስታማሚዎች ብዙዎቹ ራሳቸው በዚያው ታክመው የዳኑ ናቸው። «እኔም እንዳንቺ ነበርሁ» ለማለት የሚችሉ እነርሱ ናቸው።

ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ለሕክምና መጥተው፣ ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ። ዶክተር ሬጂናልድን በቀዶ ጥገና ሲረዱ እጃቸው ሥራውን ለመደ፤ ኋላም ራሳቸው የሚያድኑ፣ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ከሐምሊኖች ጋር ተሸለሙ።

ይህን የምንጽፈው ትምህርትን ለማቃለል አይደለም። ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንገባ ያለ ማዕረግ የሚያገለግሉ ብዙ ሰዎች ይጠብቁናል። ልናዝዛቸው ብቻ ነው ወይስ ልንማርባቸውም ተዘጋጅተናል?