አንዲት ኪኒን መዋጥ ምን ይከብዳል?

በዚህ እትም ስለ ኤች አይ ቪ እንጽፋለን። «ስለሱማ ስንቴ ሰማን!» ትሉ ይሆናል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ መተላለፊያው አይደለም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ስለሚሰጣቸው ትምህርት ነው።

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገንዘብ ስለነበር ብዙ ሰው አላገኘውም። ዛሬ አብዛኛው አዋቂ በቀን አንዲት ኪኒን ብቻ ነው የሚውጠው። ታዲያ ምኑ ይከብዳል?

የሚከብደው ሰውየው ደህና ሲሆን ነው። ራስ ምታት ሲለቀን ኪኒኑን እንደምንተወው፣ ክብደቱ ጨምሮ ሥራ የጀመረ ሰውም «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ ግን ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርጋል እንጂ ጠርጎ አያወጣውም። የተረፈው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደገና ይራባል።

ሌላም ጣጣ አለው። እኛ የአርሲ ልጆች ይሄን ቶሎ እንረዳዋለን። ፀረ አረም በጣም ቀጥኖ የተረጨበት የስንዴ ማሳ ላይ ደካማው አረም ይሞታል፤ ጠንካራው ተርፎ ዘሩን ይበትናል። ይሄ ሲደጋገም ያው መድኃኒት አረሙን መግደል ያቅተዋል። አንድ ቀን እየተዋጠ አንድ ቀን ሲዘለል ቫይረሱም እንደዚሁ መድኃኒቱን ይላመዳል።

ለዚህ ነው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከመድኃኒቱ ጋር ምክር የሚሰጡት። ጥሩ ምክር «እንዳትረሳ!» ብሎ መቆጣት አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ስንት ሰዓት ይመችሃል? የት ታስቀምጠዋለህ? ቤት ውስጥ ማን ያውቃል? በብዙ ቦታ ከአማካሪዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ናቸው። ይሄ ደስ ይላል፤ «እኔም እወስዳለሁ» የሚል ሰው ሲመክር ይሰማል።

ሩቅ ቦታ የሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ ከሙኔሳ ገጠር አሰላ ድረስ ቢመጣ፣ የመኪና ዋጋውና የሥራ ቀኑ ያስጨንቀዋል። ጤናው የተረጋጋ ታካሚ ግን የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ መሄድ ይችላል። ይሄንንም የሚያውቀው ሲነገረው ነው።

ጾምም ይነሳል። በረመዳን ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ሱሁር ማዞር ይቻላል፤ ለዚህ ሐኪምን ማማከር ነው። ፀበልን በተመለከተ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል።

መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ቫይረሱ በዝቶ ከተገኘ መድኃኒቱ ወዲያው አይቀየርም፤ መጀመሪያ ጠለቅ ያለ ምክር ተሰጥቶ ምርመራው ይደገማል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከቀነሰ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አይተላለፍም።

እኛን በይበልጥ የሚመለከተን የልጆቹ ጉዳይ ነው። ቫይረሱ ኖሮባቸው የተወለዱ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ «ቫይታሚን ነው» እየተባሉ ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለትምህርት የደረሱ ልጆች እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ እውነቱ እንዲነገራቸው ይመክራል፤ ለምን እንደሚውጠው የማያውቅ ልጅ ሲሰለቸው ይተወዋላ! የሚያውቀውም ቢሆን ጓደኛ ቤት ሲያድር ጥያቄ ፈርቶ ሳይውጥ ያድራል። ስለዚህ ኪኒን የሚውጥ ልጅ ካያችሁ «የምንድን ነው?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁት። ነገ ተደብቆ እውጣለሁ ሲል ሰዓቱ ያልፍበታል።