የፍጥነት መለኪያውና የማስጠንቀቂያው ድምፅ

ጅቡቲ ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ከመሐል ከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የአምቡሊ አይሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። ማኮብኮቢያው ከ3000 ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ግን 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሜዳ የመንገደኞችና የጭነት አይሮፕላኖች ብቻ ሳይሆኑ ተዋጊ ጄቶችም ሲነሡና ሲያርፉ ኖረዋል። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው የመከላከያ ስምምነት መሠረት፣ ኤፍ 100፣ ሚራዥ 3፣ ሚራዥ ኤፍ 1 እና ሚራዥ 2000 የተባሉት የፈረንሳይ አየር ኃይል ተዋጊ አይሮፕላኖች በየዘመናቸው በዚሁ ስፍራ ተፈራርቀዋል።

የጅቡቲ አየር ለአብራሪ ፈታኝ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከየብስ በኩል የሚነፍሰው ደረቅና አቧራማ ነፋስም አድማሱን ያደበዝዘዋል። እንዲህ ባለው ቀን ለመነሣት የሚንደረደር የተዋጊ ጄት አብራሪ ዓይኑን ከፍጥነት መለኪያው አይነቅልም። ፍጥነት ካነሰ ክንፉ አይሮፕላኑን አይሸከመውም፤ ፍጥነት ከበዛም የአይሮፕላኑ አካል ከተሠራበት አቅም በላይ ይፈተናል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ያልተረዳን አብራሪ፣ ቁጥሩን ማንበቡ ብቻ አያድነውም።

የአይሮፕላን ፍጥነት እንደ መኪና በጎማ መሽከርከር አይለካም። በአይሮፕላኑ ፊት ወይም ጎን፣ አፉን ወደ ፊት ያደረገ ቀጭን ቱቦ አለ። ይህም ቱቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1732 የሴን ወንዝን የውኃ ፍጥነት ለመለካት ተመሳሳይ መሣሪያ በሠራው በፈረንሳዊው መሐንዲስ በአንሪ ፒቶ ስም የፒቶ ቱቦ ይባላል። አይሮፕላኑ ወደ ፊት ሲበር አየሩ በቱቦው አፍ ላይ ግፊት ያሳድራል። መሣሪያው ይህን ግፊት በአካባቢው ካለው አየር ግፊት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን በፍጥነት ቁጥር ይገልጸዋል። እንግዲህ መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው ግፊትን እንጂ አይሮፕላኑ በሰዓት የሚያቋርጠውን ርቀት አይደለም ማለት ነው።

የዚህ ልዩነት ውጤት በጅቡቲ ሙቀት ጊዜ በግልጽ ይታያል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። የሳሳ አየር ተመሳሳይ ግፊት እንዲሰጥ አይሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ለምሳሌ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ በመለኪያው ላይ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር የተነበበ ፍጥነት ትክክለኛው 260 ኪሎ ሜትር ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ግን መለኪያው ያንኑ 260 እያሳየ፣ አይሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ወደ 271 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። አየር ከፍታ ሲጨምርም ይሳሳል። ስለዚህ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአዲስ አበባው የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ያው 260 የሚለው ንባብ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን እውነተኛ ፍጥነት ነው። ከቦሌ ተነሥቶ አምቡሊ የሚያርፍ አብራሪ በአንድ አጭር በረራ ሁለት ዓይነት አየር ያጋጥመዋል።

ከዚህ የሚመነጨው ስሕተት ቀላል ይምሰል እንጂ ለሕይወት አስጊ ነው። በሞቃት ቀን ለማረፍ የሚወርድ አብራሪ መሬቱ ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ኋላ ሲሸሽ ያያል። ዓይኑን አምኖ ፍጥነቱን ቢቀንስ ግን ክንፉ የሚያስፈልገውን የአየር ግፊት ያጣል። ክንፍ የሚያውቀው አየሩን እንጂ መሬቱን አይደለምና። በአንጻሩ ደግሞ አብራሪው መለኪያውን ብቻ ተመልክቶ የማኮብኮቢያውን ርዝመት ቢዘነጋ፣ በእውነተኛው ፍጥነት መጨመር ምክንያት አይሮፕላኑ ለመቆም የሚወስደው ርቀት ይረዝምበታል። በሞቃት አየር የጄት ሞተር ጉልበትም ስለሚቀንስ፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ እንዲሁ ይረዝማል።

በተዋጊ ጄት ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሚራዥ 2000 ክንፉ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ከድምፅ ፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ መብረር የሚችል አይሮፕላን ነው። ይህ ክንፍ ለከፍተኛ ፍጥነት እጅግ ተስማሚ ቢሆንም፣ ፍጥነት ሲቀንስ አይሮፕላኑን ለመሸከም አፍንጫው ወደ ላይ መቅናት ይኖርበታል። አፍንጫው በቀና መጠን ደግሞ አየሩ አይሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል ይጨምራል። በመሆኑም ከተወሰነ ፍጥነት በታች፣ ቀስ ብሎ ለመብረር ከበፊቱ የበለጠ የሞተር ጉልበት ያስፈልጋል። ይህን ያልተገነዘበ አብራሪ አይሮፕላኑ ዝቅ ሲልበት ጉልበት ሳይጨምር መሪውን ወደ ራሱ ቢስብ፣ አይሮፕላኑ ከፍ በማለት ፈንታ ይብሱን ይሰምጣል። የፍጥነት ጉድለት ሳይርቅ በቅርቡ መታረም አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

አደገኛ የሚባለው ዝቅተኛ ፍጥነትም ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አይደለም። አይሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አጋድሎ ሲታጠፍ፣ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት በእጥፍ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን የሚያጣበት ፍጥነት ወደ 1.4 እጥፍ ከፍ ይላል። በቀጥታ በረራ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የነበረው ወሰን በዚህ ዓይነቱ መታጠፍ ወደ 283 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከላይ በኩልም የከፍተኛ ፍጥነት ወሰን አለ። አብራሪው ዘወትር የሚበረው በእነዚህ በሁለት አጥሮች መካከል ነው።

የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች የተፈለሰፉት አብራሪው ወደ አንደኛው አጥር ሲጠጋ እንዲነግሩት ነው። በተለመደው አሠራር ቀይ መብራት አፋጣኝ እርምጃን፣ ቢጫ መብራት ደግሞ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ከመብራቱ ጋር የሚሰማው ድምፅ የአደጋውን ዓይነት ያመለክታል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ድምፆች ሲጮኹ አእምሮ ይረበሻል። ስለዚህ አብራሪዎች አንድ ቅደም ተከተል ይማራሉ፤ ይኸውም አስቀድሞ አይሮፕላኑን በአግባቡ ማብረር፣ ቀጥሎ አቅጣጫን ማረጋገጥ፣ ከዚያም በሬዲዮ መነጋገር ነው። ድምፁን ለማጥፋት ቁልፍ መጫን ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ደወሉ ዝም ቢልም ደወሉን ያስጮኸው ምክንያት በስፍራው አለና።

መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የማይስማሙበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በሐይቁ ላይ በ100 ሜትር ከፍታ የሚበር አይሮፕላን ቢኖር፣ ከባሕር ወለል ጋር የተስተካከለው የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ ከዜሮ በታች 55 ሜትር ያህል ያሳያል። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው መለኪያ ግን 100 ሜትር ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አንዱ ከባሕሩ፣ ሌላው ከሥሩ ካለው ገጽ ይለካልና። የመሣሪያን ቋንቋ የሚያውቅ አብራሪ አይደናገጥም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሣ ቦይንግ 757 አይሮፕላን ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በምርመራው እንደታወቀው የዋናው አብራሪ የፒቶ ቱቦ ተደፍኖ ነበር። በዚህም ምክንያት በአንድ በኩል ፍጥነት በዝቷል የሚል፣ በሌላ በኩል ፍጥነት አንሷል የሚል፣ እርስ በርሱ የሚቃረን ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ነበር።

ከባድ ኀዘን በኢትዮጵያ ምድርም ደርሷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚያመለክተው የግራው መሣሪያ ከ74 ዲግሪ በላይ ሲያሳይ፣ የቀኙ 15 ዲግሪ ያህል ያሳይ ነበር። በሐሰተኛው ንባብ ምክንያት የዋናው አብራሪ መሪ ክንፉ ሊከዳ ነው በሚል ማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአንዱን ወገን መሣሪያ ብቻ የሚያምነው የአይሮፕላኑ ራስ ሠር ሥርዓትም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። በኋላም ፍጥነት በዝቷል የሚለው ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት። ይህ ዓይነት አይሮፕላን በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ የቆየ ሲሆን፣ እንደገና እንዲበር የተፈቀደው ሥርዓቱ የሁለቱን መሣሪያዎች ንባብ እንዲያነጻጽር ከተሻሻለ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ፈተና በአየር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መገናኘት እጅግ አደገኛ በመሆኑ፣ ሲሙሌተር የተባለው የበረራ መለማመጃ መሣሪያ ተፈጠረ። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያዎቹን ታዋቂ የበረራ መለማመጃዎች ሠራ። በዛሬው ሲሙሌተር አሠልጣኙ የአምቡሊን ማኮብኮቢያ፣ የ40 ዲግሪ ሙቀትንና የደበዘዘ አድማስን በአንድ ክፍል ውስጥ ሊያቀርብ ይችላል። የፒቶ ቱቦው የተደፈነ አስመስሎ ሁለት ተቃራኒ ማስጠንቀቂያዎችን ያስጮኻል። ሠልጣኙ ሲሳሳት በረራውን አቁሞ፣ የስሕተቱን ምክንያት አስረድቶ፣ እንደገና ያስጀምረዋል። ፍጥነቱ አጠራጣሪ የሆነበት ሠልጣኝ የአፍንጫውን ቅናትና የሞተሩን ጉልበት በሚታወቀው ልክ አስተካክሎ፣ የግራውን መለኪያ ከቀኙና ከተጠባባቂው ጋር ማነጻጸርን የሚለምደው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ይህ ልማድ በጥድፊያ ጊዜ የሚገኝ አይደለም።

ሆኖም ሲሙሌተርም ቢሆን የሚያስተምረው የተሞላበትን እውቀት ያህል ነው። ከ2011ዱ አደጋ በኋላ የ737 ማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ ታውቆ እንዲታረም ተደርጓል። ስለዚህ አብራሪው መሣሪያውን እንደሚመረምር ሁሉ፣ መሣሪያውን የሚሠሩትም ሥራቸውን መመርመር አለባቸው። አንድ ቁጥር አንድ ምስክር ነው፤ ማስጠንቀቂያም የምስክር ጩኸት እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ የሚሰጠው ምስክሮቹን ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሰምቶ ማመዛዘን በሚችል፣ አስቀድሞም በተዘጋጀ አእምሮ ነው።