አጋዘን ምግቡን እንዴት ይመርጣል?

ከሩቅ ለሚያይ ሰው በለምለም ጫካ ውስጥ የሚኖር አጋዘን ምግብ የሚቸግረው አይመስልም። ዕፅዋት ግን ከሚበላቸው መሸሽ ስለማይችሉ ራሳቸውን በኬሚካል ይከላከላሉ፤ ፕሮቲንና ስኳር በያዘው ቅጠል ውስጥ መራራው፣ አፍ የሚያኮማትረውና መርዛማው አብሮ አለ። ስለዚህ ሁሉን የሚያሟላና ጉዳት የሌለበት አንድ ተክል ለአጋዘን አይገኝለትም። በሕይወት የሚያቆየው ብዙ ዓይነት ተክል በመጠን በመጠኑ እያቀላቀለ መብላቱ ነው። ይህን ካላስተዋልን የዱር እንስሳትን ለመርዳት ተነስተን ልንጎዳቸው እንችላለን።

አጋዘን እንደ ላም ያመሰኳል፤ አበላሉ ግን ለየቅል ነው። ላም በሰፊ አፏ ብዙ ሣር ግጣ በትልቁ ጨጓራዋ ቀስ ብላ ታብላላለች። በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚገኘው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን አፉ ጠባብ፣ ከንፈሩ ቀልጣፋ ሲሆን ጨጓራው ከሰውነቱ አንጻር አነስተኛ ነው። ምግቡ ቶሎ ስለሚያልፍ ጠንካራውን አሰር ለማብላላት ጊዜ አይበቃውም፤ ለዚህም ቀንበጡን፣ እምቡጡንና ፍሬውን እየለየ ይቀጥፋል። ምግቡን የሚያፈጩለት በጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የምግቡ ፕሮቲን ከ6 ወይም ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ እነዚህ ተሕዋስያን ይዳከማሉ፤ የምታጠባ እናትና ቀንድ የሚያበቅል ወንድ ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ይፈልጋሉ። ጨውም የራሱ ጉዳይ ነው። የአጋዘን ወገን የሆነው ሙስ በሚቺጋኑ የአይል ሮያል ደሴት በበጋ ወራት ውሃ ውስጥ ገብቶ ሶዲየም የበዛባቸውን የውሃ ተክሎች ይበላል፤ የእኛ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ወደ ሆራ የሚነዱበት ምክንያትም ይኸው የጨው ፍላጎት ነው።

ከዕፅዋቱ መከላከያዎች በሰፊው የሚታወቀው ታኒን ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ይህ ንጥረ ነገር ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ምግቡ በሚገባ እንዳይፈጭ ያደርጋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአጋዘን ምራቅ ውስጥ ታኒንን የሚይዙ ፕሮቲኖች እንዳሉ፣ በበግና በከብት ምራቅ ውስጥ ግን እንደሌሉ አሳይቷል። ይህ ጋሻ ወሰን አለው። ከኦክ ዛፍ ፍሬዎች መካከል ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ታኒኑ አነስ ያለውን የነጭ ኦክ ፍሬ ነው። ፍሬው ለብርዱ ወራት ያወፍረዋል፤ ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ ግን ሌላ ነገር መጨመር ግድ ነው። በምዕራብ አሜሪካ ያለው ሚውል አጋዘን ደግሞ በበረዶው ወራት ሳጅብረሽ የተባለውን ቁጥቋጦ ይበላል። የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ የሆነው ይህ ተክል በፕሮቲን ከደረቀ ሣር ይበልጣል፤ ኃይለኛ ሽታ ያለው ዘይቱ ሲበዛ ግን የጨጓራውን ተሕዋስያን ይጎዳል። የየተክሉ መርዝ ከሰውነት የሚወገድበት መንገድ ስለሚለያይ፣ ቀላቅሎ የሚበላ እንስሳ ሸክሙን ያከፋፍላል።

አጋዘን ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፍሬድ ፕሮቬንዛና ባልደረቦቹ በበጎችና በፍየሎች ላይ ለዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ እንስሳው የቀመሰውን ጣዕም ከበላ በኋላ ሰውነቱ ከሚሰማው ነገር ጋር እንደሚያያይዝ ደርሰውበታል፤ ያቅለሸለሸውን ይሸሻል፣ ያበረታውን ይፈልጋል፣ ግልገሉም ከእናቱ ይማራል። አጋዘንም የሚያመሰኳ እንስሳ ነውና ኬሚስትሪ ሳያውቅ ሰውነቱ ያስተምረዋል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ሌላው ተቃውሞ፣ የራበው እንስሳ ያገኘውን ስለሚበላ ምርጫ የሚባል ነገር የለም የሚለው ነው። ረሃብ ምርጫን እንደሚያጠብ እውነት ነው፤ የተክሉን ኬሚስትሪ ግን አይሽረውም። በከባድ የበረዶ ወራት በረሃብ የሞቱ አጋዘኖች ሆዳቸው ሊፈጭ በማይችል ቅርንጫፍ ተሞልቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ በቆሎ ነው። አጋዘን የሚጠቅመውን የሚያውቅ ከሆነ፣ በበረዶ ወራት ሰዎች በደግነት ያፈሰሱለትን በቆሎ በልቶ ለምን ይሞታል? ቅርንጫፍ ማፍጨት የለመዱት ተሕዋስያን ከአዲስ ምግብ ጋር ለመላመድ ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል፤ የበቆሎው ስታርች በድንገት ሲበዛ ጨጓራው በአሲድ ይሞላና እንስሳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በቆሎው ጣፋጭ ነው፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ከተበላ በኋላ ነው፤ ለመማር ጊዜ አይሰጥም። ይህ የአጋዘኑን ችሎታ ሐሰት አያደርገውም፤ ችሎታው በኖረበት የዕፅዋት ስብጥር ውስጥ ብቻ እንደሚሠራ ያስረዳል። ስለዚህ አጋዘንን መመገብ የሚሻ ሰው እህል ከሚያፈስ ይልቅ ዛፉን፣ ቁጥቋጦውንና ቅጠላ ቅጠሉን ከነልዩነቱ ቢጠብቅለት ይበልጣል፤ የቀረውን ምርጫ እንስሳው ራሱ ይወጣዋል።