ዛፉ ተከለከለ፤ በምን እንጋግር?

ከደባርቅ በታች ባለች አንዲት መንደር ማታ ማታ እንማራለን። ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት እናት አሉ። ማንበብ ከጀመሩ ብዙም አልቆዩ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ዳር የተተከለ ሰሌዳ አዩ። ቆሙና ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀሙት። «ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው» ይላል።

ማታ መጥተው ነገሩን። ሁላችንም አጨበጨብን። እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም።

«ልጄ፣ ማንበቡንስ አነበብኩት። ታዲያ ነገ በምን ልጋግር?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ ነው።

ክልከላው ከየት መጣ?

ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም አይገኝም። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጭ አገር የላቸውም። እነዚህን ለመጠበቅ ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በሕግ ተከለለ። ያን ጊዜ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ኋላ ወሰኑ ተለውጦ 412 ደረሰ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም መንግሥታት ድርጅት ስሜንን የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበ። በዚያ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ስሜን ነው።

ነገር ግን ሕጉ ሲወጣ በቦታው ሰው ነበረ። ገብስ ያርሳል፤ ከብት ያሰማራል፤ አስታውን ለማገዶ ይቆርጣል። በደርግ ጊዜ አንዳንድ መንደሮች ሳይወዱ ተነሡ። ከዚያ ጦርነት መጣና ፓርኩ ያለ ጠባቂ ቀረ። ዋልያው አነሰ፤ እርሻውና ግጦሹ ሽቅብ ገፋ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ጻፈው።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ካሳም ተከፈላቸው። በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ይህ ለዋልያው ደስታ ነው። ገብስ አራሹ ግን ከተሜ ሆነ። ትናንት ከደጁ ያገኘውን ማገዶ ዛሬ በገንዘብ ይገዛል። ይህም መነገር አለበት።

ሕግ ሁለት ገጽ አለው

አንደኛው ገጽ ይከለክላል። ለምሳሌ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ስለ ቁልቁለት ይናገር ነበር። ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት አይታረስም፤ ከብትም አይለቀቅበትም፤ ዛፍና መኖ ይልማበት ይል ነበር። 60 በመቶ ማለት 100 ክንድ ወደፊት ሲሄዱ 60 ክንድ ሽቅብ የሚወጣ መሬት ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ምክንያቱ ግን ያው ነው። ዛፍ ከሌለ ክረምት አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል።

አፈሩ ወዴት ይሄዳል? የስሜን ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። በተከዜ ላይ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ አለ። በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አፈር ሲሞላበት ውኃ የሚይዝበት ቦታ ይጠብባል። ስለዚህ የእኛ ዳገት ሲራቆት የሩቅ ሰው መብራትም ይጎዳል።

ሁለተኛው ገጽ መብት ይሰጣል። ይህንን ገጽ ሰሌዳ ላይ ማንም አይጽፍልንም። ራሳችን ማንበብ አለብን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት እንመልከት። አንቀጽ 44 በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚነካ የአካባቢ ዕቅድ ሲወጣና ሲሠራ ሕዝቡ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ደን የመንግሥት ብቻ አይደለም ይላል። የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንም በሕግ የታወቀ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ደኑ የእኔ ነው ያለ ሰው ይጠብቀዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን እሳት ተነሥቶ ነበር። ቅጠልና አፈር ይዘው ከእሳቱ ጋር ከታገሉት ብዙዎቹ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ወረቀት እሳት አያጠፋም። ሰው ነው የሚያጠፋው።

ወደ ምድጃው እንመለስ

መንግሥት በ1986 ዓ.ም. የኃይል ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። ፖሊሲ ማለት መንግሥት ሊሄድበት ያሰበው መንገድ ነው። ሐሳቡ ሰው ከእንጨትና ከኩበት ቀስ በቀስ ወደ ተሻለ ኃይል እንዲሻገር ነው። ግን የኤሌክትሪክ ሽቦው ገና ያልደረሰበት መንደር ብዙ ነው። እስኪደርስስ?

ሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር አብዛኛው እሳት በጎን ያመልጣል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ይሠራል። እሳቱን ከምጣዱ ሥር ከብቦ ይይዛል። ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ለእንጀራ የሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህል ነው። ሁለት ሸክም ትፈልግ የነበረች ሴት አንድ ሸክም ይበቃታል። ጀርባዋ ያርፋል፤ ጢሱም ይቀንሳል። ኩበቱም ሳይነድ ተርፎ ለማሳው ፍግ ይሆናል። በጓሮ ጥቂት ባሕር ዛፍ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ደኑ መውጣት እያነሰ ይሄዳል።

ይህን ለእኚያ እናት ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳቁና «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል እኮ» አሉ።

«ወጡንስ አያጣፍጥም እናቴ፤ እንጨቱን ግን ይቆጥባል» አልኳቸው።

«እሺ፤ መግዣውስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ምድጃው በነጻ አይገኝም። ቁረጡ አትበሉ የሚል ሕግ በምን እንደሚጋገርም ማሰብ አለበት። ይህን ሊጠይቅ የሚችለው ደግሞ መብቱን ያወቀ ሰው ነው።

በማግሥቱ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። አንቀጽ 92 ያለውን በእጃቸው ጽፈውታል። ፊደሉ ጎበጥ ጎበጥ ብሏል፤ ግን ይነበባል።

«የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ተነሥቼ አነበዋለሁ። ከዚያ ስለ ምድጃው እጠይቃለሁ» አሉ።

ተወያዩበት

1. በቤታችሁ በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ይነዳል? ከየት ይመጣል?
2. በመንደራችሁ የተከለከለ ደን አለ? ሲከለከል ማን ተጠየቀ?
3. ምርጥ ምድጃ በማኅበር ለመግዛት ስንት ቤት ይተባበራል?